ክፍያው ተሸፈነ፤ ከዚያስ?

አቅራቢ ሀ፦ ነፃ የትምህርት ዕድል ሲባል ቶሎ የሚታሰበን የክፍያው ነገር ነው። ግን ክፍያው ተሸፍኖላቸውም አቋርጠው የሚወጡ አሉ።

አቅራቢ ለ፦ የአሜሪካው ፖሲ ፋውንዴሽን የተወለደውም ከዚሁ ችግር ነው። ዲቦራ ቢያል እ.ኤ.አ. በ1989 ኒውዮርክ ላይ የመሠረተችው፣ ኮሌጅ ያቋረጠ አንድ ተማሪ ጓደኞቼ አብረውኝ ቢሆኑ ኖሮ አላቋርጥም ነበር ማለቱን ሰምታ ነው።

አቅራቢ ሀ፦ እና ምን አደረገች?

አቅራቢ ለ፦ ከአንድ ከተማ አሥር ያህል ተማሪዎች ተመርጠው አብረው ወደ አንድ ኮሌጅ ይሄዳሉ፤ የትምህርት ክፍያውን ኮሌጁ ይችላል። ከመሄዳቸው በፊት ለወራት ይሠለጥናሉ፤ ግቢ ከገቡም በኋላ የሚከታተላቸው አማካሪ አላቸው።

አቅራቢ ሀ፦ አመራረጡስ በፈተና ውጤት ብቻ ነው?

አቅራቢ ለ፦ አይደለም። በቡድን ሥራ ይሰጣቸውና ማን ይመራል፣ ማን ያዳምጣል ተብሎ ይታያል።

አቅራቢ ሀ፦ እኔን የማረከኝ ደግሞ ከምረቃ በኋላ ያለው የሥራ ጉዳይ ነው። ከደሃ ቤት የወጣ ልጅ ዲግሪ ቢይዝም፣ ሲቪውን አይቶ የሚያርምለት፣ ለቃለ መጠይቅ የሚያዘጋጀው ዘመድ ከየት ያመጣል?

አቅራቢ ለ፦ እዚያ ላይ ድርጅቱ ኢንተርንሺፕ ከሚሰጡ ኩባንያዎች ጋር ያገናኛቸዋል።

አቅራቢ ሀ፦ ቢሆንም አሥሩ ሲመረጡ ስንቱ ይቀራል!

አቅራቢ ለ፦ ልክ ነሽ፤ ለሁሉም አይደርስም። ዘዴው ግን ለእኛም ይሆናል። ከገጠር መጥቶ ዶርም የገባ ልጅም ከገንዘቡ እኩል ሰው ያስፈልገዋል።

አቅራቢ ሀ፦ እንግዲህ ስኮላርሺፕ ለምትሰጡ ሁሉ ጥያቄያችን ይኸው፦ ልጁ ግራ ሲገባው ለማን ነው የሚደውለው?