ከካራማራ ወዲህና ወዲያ፤ የአንድ አባት የዕረፍት ቀን መንገዶች



በመንገድ፣ በውኃና በሕንፃ ሥራ የተሰማራ ሰው አገሩን በብዛት ይዞራል ይባላል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን አዟዟሩ ለብቻው ነው። ኮረብታውን በከፍታው፣ ወንዙን በጎርፉ መጠን፣ ከተማውን ከመነሻው ባለው ኪሎ ሜትር ያውቀዋል። ልጆቹ በበኩላቸው የአባታቸውን መምጣት የሚያውቁት ብዙውን ጊዜ አቧራ የለበሰ ጫማው በር ላይ ሲታይ ነው። የዛሬው ርእስ ከቀመርና ከስሌት የራቀ ቢመስልም የወጣው ከዚሁ ኑሮ ነው፤ ይኸውም አንድ የመንገድ መሐንዲስ ጅጅጋ ላይ ቤተሰቡን ይዞ በተቀመጠበት ዓመት፣ በዕረፍት ቀኖቹ ልጆቹን ወዴት እንደ ወሰደ፣ ምን እንዳነበበላቸውና ምን ፊልም አብሯቸው እንዳየ የሚያወሳ ነው። ስሙን መጥራት አላስፈለገም፤ ከአድማጮች መካከል ራሱን የሚያይበት አይጠፋምና።

መሐንዲሱ ሦስት ልጆች አሉት፤ ታላቂቱ የዐሥራ ሁለት ዓመት፣ መካከለኛው የዘጠኝ፣ ታናሺቱ የአምስት። ለብዙ ዓመታት ቤተሰቡ አዲስ አበባ፣ እሱ ግን በየበረሃው ነበር። ጅጅጋ ሲመደብ ባለቤቱ «ከእንግዲህ ወይ አብረን፣ ወይ ጨርሶ ይቅር» ስላለችው ሁሉም ተከትለውት መጡ። በመጀመሪያው ሳምንት ታላቂቱ ልጁ «አባዬ፣ እዚህ ምን የሚታይ ነገር አለ?» ብትለው «ሜዳ ነው» ብሎ መለሰላት። ማታ ላይ በዚህ መልሱ አፈረ። ያንን ሜዳ ለሁለት ዓመት በመሣሪያ ለክቶታል፤ ስለ እሱ ግን ከአንድ ቃል በላይ ለልጁ የሚነግራት አላገኘም።

ስለዚህ መጻሕፍት ፈለገ። የተጻፈ አልጠፋም፤ ነገር ግን አብዛኛው የአላፊ አግዳሚ ጽሕፈት ሆኖ አገኘው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1854 መጨረሻ ከዘይላ ተነሥቶ፣ እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1855 ሐረር ሲገባ ይህን የሣር ሜዳ ማራር ብሎ ጠርቶ፣ ነጋዴው ዘራፊ እየፈራ የሚሻገረው ስፍራ መሆኑን በ1856 ባሳተመው መጽሐፉ ተረከ። ስዌይን የሚባለው መኰንን እ.ኤ.አ. በ1893 ሲያልፍ ያየው የውኃ ጉድጓዶችን፣ በአጠገባቸውም በአጥር የተከበበና ጥቂት ወታደር የሚጠብቀው ምሽግ ነበር። ደራሲው ኢቭሊን ዎም በኢጣልያ ወረራ ዋዜማ እ.ኤ.አ. በ1935 ለጋዜጣ ወሬ ፍለጋ ጅጅጋ ድረስ ወርዷል። ከዚያ ጉዞ የወጣው ጽሑፉ የሚያስቅ ቢሆንም፣ ሳቁ በአገሬው ላይ ስለሚያዘነብል መሐንዲሱ ከልጆቹ ዝርዝር አወጣው፤ ደግ አደረገ። ሦስቱም ጸሐፊዎች ወደ ሌላ ቦታ የሚሄዱ ነበሩ። ሜዳው ለእነርሱ መሻገሪያ ነው፤ አንድ ልጅ ተወልዶ የሚያድግበት አገር መሆኑን ከእነርሱ መማር አይቻልም።

የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ሐረር አቅጣጫ ነበር። ከጅጅጋ እስከ ሐረር መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ መሐንዲሱም ከዚያ በፊት ይህን መንገድ ያለማቋረጥ ነበር የሚነዳው። በዚያን ቀን ግን ዳካታ ሸለቆ ሲደርስ መኪናውን ዳር አስይዞ ቆመ። የዳካታን ድንጋዮች ያላየ አባል ካለ ቢሄድ አይቆጨውም፤ ቤት የሚያህል ግራናይት በጠባብ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ነፋስ የሚጥለው እየመሰለ ሳይወድቅ ይኖራል። ወንዱ ልጅ «ማን አወጣው?» ብሎ ጠየቀ። አባቱ ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳና አንድ የስኳር እንክብል በማንኪያ ይዞ ቀስ ብሎ ነከረለት። መጀመሪያ የሟሙት ማዕዘኖቹ ነበሩ፤ አራት ማዕዘኑ ስኳር ወደ ድቡልቡልነት ሄደ። ድንጋዩም ማንም ያወጣው አይደለም፤ ከመሬት በታች ሳለ በቁምና በአግድም ተሰነጣጠቀ፤ ውኃ በስንጥቁ ገብቶ ከሁለትና ከሦስት ጎን የሚያገኛቸውን ማዕዘኖች ቀድሞ በላ፤ የላላው አፈር በጎርፍ ሲታጠብ ጠንካራው እምብርት ባለበት ቀረ። ልጁ ሰምቶ ሲያበቃ «ታዲያ መቼ ነው የሚወድቀው?» አለ። አባት በሙያ ልማዱ ጎንበስ ብሎ መጋጠሚያውን ተመለከተ፤ ክብደቱንም በዐይኑ ገመተ፤ በመጨረሻም «እኛ ምሳ እስክንበላ አይወድቅም» አለው። ከሰጣቸው የሙያ አስተያየቶች ሁሉ በጥንቃቄ የተሰጠ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ባቢሌ ላይ ለውዝ ተገዛ። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የባቢሌ የዝሆን መጠለያ ስሙ ታላቅ ቢሆንም፣ ያን ቀን የተገኘው የዝሆን ፋንድያ ብቻ ነበር፤ ታናሺቱ ግን እስከ ዛሬ ዝሆን አይቻለሁ ትላለች።

በሁለተኛው ጉዞ ታላቂቱ ልጅ አንዲት የክፍል ጓደኛዋን ይዛ መጣች፤ የጅጅጋ ሶማሌ ልጅ ናት። መድረሻቸው ካራማራ ነበር። መሐንዲሱ ለዚህ ቦታ በብርቱ ተዘጋጅቷል። መተላለፊያው እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 1941 የእንግሊዝ ጦር ከኢጣልያ ጋር የተዋጋበት፣ ኋላም በሶማሊያ ወረራ ጊዜ በ1970 ዓ.ም. መጀመሪያ ጅጅጋ ስትያዝ የታለፈ፣ የካቲት 26 ቀን በዚያው ዓመት ከተማዪቱ ነጻ ስትወጣ ብዙ ደም የፈሰሰበት ነው። ይህን ሁሉ በማስታወሻው ጽፎ ነበር። ከላይ ሆነው ሜዳው ከእግራቸው ሥር ተዘርግቶ ሲታይ ንባቡን ጀመረ፤ ዐሥር መስመር ሳይሄድ እንግዳዪቱ ልጅ እጇን እንደ ትምህርት ቤት አነሣች።

«አዴር፣ አያቴም በዚያን ጊዜ ነበረች» አለች። (አዴር ማለት በሶማልኛ የአባት ወንድም ነው፤ ታላቅ ወንድ ሁሉ እንዲሁ ይጠራበታል።) አያቷ በዚያ ጦርነት ሕፃን አዝላ ሌሊት ሌሊት እየተጓዘች ወደ ሐርጌሳ ሸሸች፤ ዐሥር ዓመት ቆይታ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳ በቦምብ ስትመታ ያንኑ መንገድ ተመልሳ ሐርተሼክ መጠለያ ገባች። ያዘለቻት ሕፃን የልጅቱ እናት ናት። «አያቴ፣ መንገዱ አንድ ነው፤ ጭነቱ ብቻ ጨመረ ትላለች» ብላ ዝም አለች።

መሐንዲሱ ማስታወሻውን አጠፈ። ያነበበው ሐሰት አልነበረም፤ ቀኑም ቁጥሩም ልክ ነው። ነገር ግን በመኪናው ውስጥ የነበሩት ልጆች ከየቤታቸው ይዘውት የመጡት ካራማራ አንድ አልነበረም፤ የእሱ ገጽ ደግሞ ለሁለቱ አልበቃም። በዚህ ቦታ ላይ ወላጅ ሁሉ ይቸገራል፤ ታሪኩን ቢተወው ልጆቹ ከመንገድ ይሰሙታል፤ በድልና በሽንፈት ብቻ ቢነግራቸው ከሁለቱ አንደኛዋን አንገት ያስደፋል። እሱ ያደረገው ልጅቱ ከመጀመሪያው ጀምራ እንድትተርክ መጠየቅ ነበር። ላሆህና የግመል ወተት ቀርቦ አንድ ሰዓት ሙሉ ተረከች። ታላቂቱ ልጁ በደብተር ጻፈች፤ ሶማልኛውን ባልንጀራዋ በላቲን ፊደል፣ አማርኛውን እሷ በግእዝ ፊደል። የጉዞ ደብተሩ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ሦስተኛው ጉዞ በእግር፣ በከተማው ውስጥ ተደረገ። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዐድዋ ጦርነት በኋላ ገና በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተወስደው የመድፈኛነት ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው። በሕይወት ታሪካቸው እንደሚገልጹት በ1909 ዓ.ም. አካባቢ ዘመናዊቱን ጅጅጋ የመሠረቱና መንገዶቿን በአራት ማዕዘን የከፈሉ እሳቸው ናቸው። ልጆቹ ዘንድ ይህ ተወደደ፤ ወንዱ ልጅ ማዕዘን ለማዕዘን እርምጃውን እየቆጠረ የመንገዶቹን ካርታ ሣለ። አባቱም ይህንኑ ሰው በሌላ በኩል አስተዋወቃቸው። በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴያትር ተብሎ የሚቆጠረውን፣ በእንስሳት ተረት የተሠራውን «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜድያ» የጻፉ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ለአገራቸው የተከራከሩ ናቸው። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» የሚለውን ልብ ወለድ ደረሱ፤ በፈረንሳይ አገር ተምሮ ወደ አገሩ ስለሚመለስ ወጣት የሚናገር ነው። የከተማ ቅየሳና ድርሰት በአንድ ሰው እጅ ሊገናኙ መቻላቸው፣ ለአንዳንድ የሙያ ባልደረባ እንግዳ ሳይሆንበት አይቀርም።

በእነዚያ መንገዶች ላይ ያደገ ሌላ ጸሐፊም አለ። ነጋ መዝለቂያ እ.ኤ.አ. በ1958 በጅጅጋ ተወልዶ፣ በኋላ መሐንዲስ ሆኖ ካናዳ የገባ ነው። የልጅነቱንና የአብዮቱን ዘመን ታሪክ በእንግሊዝኛ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ2000 የካናዳን የጠቅላይ ገዥ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አግኝቶበታል። መሐንዲሱ ከመጽሐፉ ለልጅ ጆሮ የሚሆነውን ብቻ እየመረጠ፣ ማታ ማታ በአማርኛ እየመለሰ ያነብላቸው ነበር፤ መከራው የበረታበት ክፍል ለታላቂቱ እንኳ ገና ነውና። ልጆቹ ግን በየምዕራፉ «ይህ የትኛው መንገድ ነው?» እያሉ ንባቡን ያቋርጡት ነበር። ስለ ሎንዶን ወይም ስለ ፓሪስ ሲነበብላቸው እንዲህ ጠይቀው አያውቁም።

ፊልሙ ቤት ውስጥ ይታይ ነበር። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ»፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በካን የፊልም በዓል የቀረበው፣ በጉን ለማዳን ስለሚደክም ልጅ ስለሆነ ታናሺቱ ሦስት ጊዜ አስደገመችው። ከሁሉ የበለጠ ግን ቤቱን ዝም ያሰኘው «የቀብር ቆፋሪው ሚስት» የተባለው የኸድር አይደሩስ አሕመድ ሶማልኛ ፊልም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በዋጋዱጉ ታላቁን የአፍሪካ ፊልም ሽልማት ወስዷል። በጅቡቲ ከተማ አካፋ ይዞ በሆስፒታል በር አስከሬን የሚጠብቅ ድኻ፣ የታመመች ሚስቱን ለማሳከም ገንዘብ አጥቶ ከብቶቹን ፍለጋ ወደ ትውልድ መንደሩ በእግሩ ይሄዳል። የታላቂቱ ልጅ ባልንጀራ አብራ ተቀምጣ ስትተረጉም፣ በመካከል መተርጎሟን ተወች፤ ማንም «ምን አለ?» አላላትም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ጉዞዎች አጫጭር ናቸው። በቶጎ ውጫሌ መንገድ ላይ ቶግ የሚለው ቃል ክረምት ብቻ የሚፈስ ወንዝ መሆኑን ተማሩ፤ አባትየው ስንት ካልቨርት ሲሠራ ቃሉን ሳያውቀው ኖሯል። በአውበሬ አንድ አዛውንት እረኛ የዴግዴርን ተረት ነገሯቸው፤ ዴግዴር ጆሮዋ የረዘመ፣ መንገደኛን ከሩቅ ሰምታ የምትበላ ሴት ናት። ታናሺቱ ያን ሌሊት ጆሮዋን በሻርፕ ሸፍና ተኛች። እ.ኤ.አ. በ2004 የተዘጋውን የሐርተሼክን መጠለያ ሥፍራ ያሳየቻቸው የባልንጀራዪቱ አያት ነች። ቀድሞ የተቀመጠችበትን ቦታ ፈልጋ እግሯን አሳርፋ ቆመች፤ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ወንዱ ልጅ ግን በካርታው ላይ ነጥብ አደረገበት።

በዓመቱ መጨረሻ መሐንዲሱ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረ። ደብተሩን ለሁለት መክፈል ስላልተቻለ፣ ሁለቱ ልጃገረዶች አንድ ሳምንት ሙሉ ተቀምጠው ገለበጡት፤ አንደኛው ቅጂ ጅጅጋ ቀረ። የኤረር ፍል ውኃና የሺኒሌ ጉዞ በሁለቱም ደብተሮች ርእሱ ብቻ ተጽፎ፣ ገጹ ባዶ ነው።