አንድ ከንፈር፣ ሁለት መሣሪያ
በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በአንድ ጡረተኛ ሙዚቀኛ አባል የተደረገ ንግግር



ጸሐፊያችን ዛሬ ጠዋት ያነበቡልን የወጣቶች ማመልከቻ አጭር ነበር። «ለቀብር ማጀቢያ ባንዳችን አንድ ማውዝፒስ ይገዛልን» ነው የሚለው። ገንዘብ ያዣችን ዋጋውን ሲጠሩ ታዲያ ከወደ ኋላ «ለአንዲት ብረት ይኼ ሁሉ!» ያለ ሰው አለ። ድምፁን ዐውቄዋለሁ፤ ስሙን አልጠራም። ይህን ዕቃ ዕድሜዬን ሙሉ አፌ ላይ ደቅኜ እንጀራ የበላሁበት ሰው ስለ ሆንሁ፣ ኮሚቴው ከምሳ በፊት ጥቂት እንድናገር አዞኛል። የምለውን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ኋላ አስረዳለሁ፤ አንድ አይበቃም፣ ሁለት ይገዛ። ሁለቱ ደግሞ ወንድማማች መሆን አለባቸው።

ነገሩ ከዕድራችን ሩቅ አይደለም። የዕድር ጥሩምባ ሌሊት ሲነፋ ድምፁን የሚሠራው ቆርቆሮው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። ድምፁን የሚሠራው የነፊው ከንፈር ነው፤ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፣ ቱቦው ያንን ተቀብሎ ያጎላዋል። ስለዚህ ከንፈር ከብረት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ትልቅ ቦታ ነው። እኛ በባንድ ቤት «አፉ» እንለው ነበር። ሲያዩት ረጅም ጭራ ያላት የቡና ስኒ ይመስላል። ከንፈር የሚያርፍበትን ክብ ጠርዝ እንበለው፤ ከሥሩ ያለውን ጎድጓዳ ስኒ፤ በስኒው ወለል ላይ ያለችውን ጠባብ ቀዳዳ ጉሮሮ፤ መሣሪያው ውስጥ የሚገባውን ሾጣጣ ደግሞ ጭራ። እነዚህን አራቱን ከያዛችሁልኝ ሌላው ይቀላል።

ወጣቶቻችን ካሏቸው መሣሪያዎች ሁለቱን፣ ትሮምቦኑንና ዩፎኒየሙን፣ የሚነፋው አንድ ልጅ ነው። ሰው ስለሚያንሳቸው ነው እንጂ ወድዶ አይደለም። ሁለቱ መሣሪያዎች ሲያዩዋቸው አይተዋወቁም፤ አንዱ በክንድ የሚሳብና የሚገፋ፣ ሌላው እንደ ሕፃን የሚታቀፍና በጣት የሚጫኑት። ይሁን እንጂ ቱቧቸው ተዘርግቶ ቢለካ ሁለቱም ወደ 2 ሜትር ከ70 ገደማ ነው፤ ቃናቸውም አንድ ሰፈር ነው። ልዩነቱ የቱቦው ቅርጽ ላይ ነው። የትሮምቦን ቱቦ አብዛኛው መንገዱን እኩል ስፋት ይዞ ሄዶ መጨረሻው ላይ ነው የሚፈነዳው፤ የዩፎኒየም ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ እያለ እየሰፋ ይሄዳል። ትሮምቦን ጥርት ያለና ፊት ለፊት የሚናገር፣ ዩፎኒየም ደግሞ ለስለስ ያለና ወፍራም ድምፅ የሚሰጡት በዚህ የተነሣ ነው። ዩፎኒየም የሚለው ስም ራሱ ከግሪክ ቋንቋ መጥቶ መልካም ድምፅ ማለት ነው።

ሁለቱን መደረብ የድኻ ባንድ ብልሃት ብቻ አይምሰላችሁ። እንግሊዛዊው ሆልስት «ፕላኔቶች» ብሎ በደረሰው ሥራ ውስጥ «ማርስ» የሚባለው ክፍል የቴነር ቱባ ድርሻ አለው፤ እሱም ብዙ ጊዜ በዩፎኒየም ነው የሚነፋ። ሲምፎኒ ኦርኬስትራዎች ቋሚ የዩፎኒየም ሰው ስለማይቀጥሩ ከትሮምቦን ነፊዎቻቸው አንዱ የሚይዝበት ጊዜ አለ። ወደ ቀብሩም ከመጣን ትሮምቦን የቆየ ዝምድና አለው። ቤትሆቨን እ.ኤ.አ. በ1812 በኦስትሪያ ሊንዝ ከተማ ለሙታን መታሰቢያ ዕለት ለአራት ትሮምቦን ብቻ አጫጭር ዜማዎች ደርሶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1827 እሱ ራሱ ሲቀበር ከእነዚሁ ተሰምተዋል። ወደ አገራችን ስንመለስ ደግሞ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም አይተው እ.ኤ.አ. በ1924 ወደ አዲስ አበባ ያስመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆች፣ ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር፣ የነሐስ ባንድን ትምህርት እንዳስፋፉልን የታወቀ ነው። እኔም ከዚያ ዘር በእጅ አዙር የተማርሁ ነኝ ብል ውሸት አይሆንም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

በወጣትነቴ እሠራበት በነበረ ባንድ ማታ ማታ በዳንስ ኦርኬስትራው ትሮምቦን፣ ቀን ቀን በማርሹ ባንድ ዩፎኒየም እነፋ ነበር። ከግምጃ ቤት የተሰጠኝ የትሮምቦኑ አፍ 12ሲ የሚሉት ጠባቡና ስኒው ጥልቀት የሌለው ነበር። የዩፎኒየሙ ደግሞ ቁጥሩ የተፋቀ፣ ሰፊና ጥልቅ፤ ጭራው ለሌላ መሣሪያ የተሠራ ስለ ነበረ ወረቀት ጠቅልለንበት ነው የምናስገባው። ደመወዝ ይምጣ እንጂ ማን ይጠይቃል! አንድ ቅዳሜ ታዲያ ከበሮ መቺያችን ዐረፈና ልንሸኘው ወጣን። እኔ እስከ እኩለ ሌሊት ትሮምቦን ስነፋ አድሬ ነው የመጣሁት። የሾፓን የቀብር ማርሽ መካከል ላይ ያንን ለስላሳ ዜማ የሚይዘው ዩፎኒየም ነበር፤ ማለት እኔ። አፉን ሳነሣ ከንፈሬ ቦታውን አጣው። ሌሊቱን ሙሉ ጠባቡን ጠርዝ ለምዶ የቆየ ከንፈር ሰፊው ላይ የሚረግጥበት ጠፋው፤ በወረቀቱም በኩል አየሩ አፈተለከ። የመጀመሪያዋ ድምፅ ተሰነጠቀች። ሁለተኛዋም እንደዚያው።

ሰዉ ዞር ዞር አለ። የሟች ትንሹ ልጅ ከእናቱ አጠገብ ነበር። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ወደ እኛ መጥቶ «ጋሼ፣ አባቴ ሲሄድ ማነው የሳቀው?» ብሎ ጠየቀን። የተሰነጠቀው ድምፅ ሳቅ መስሎት ነው። እኔ ነኝ ለማለት አፍ አልነበረኝም። ዝም አልሁ፤ እስካሁንም አልነገርሁትም።

በማግስቱ አንድ ሽማግሌ ትሮምቦን ነፊያችን ሁለቱንም አፎች መዳፉ ላይ አስቀምጦ እያየ «አንተ ልጅ፣ ከንፈርህ አንድ ነው፤ ለምን ሁለት ቤት ትሠራበታለህ?» አለኝ። እኔም ለእናንተ የማቀርበው ይህንኑ ነው። ስኒው እንደ መሣሪያው ሊለያይ ይችላል፤ ጭራው ደግሞ የግድ እንደ መሣሪያው መሆን አለበት። ጠርዙ ግን ለሁለቱም አንድ ዓይነት ይሁን፤ ከንፈር የሚያውቀው ጠርዙን ነውና።

ልዩነቱ ምን ያህል ነው ብትሉኝ ትስቃላችሁ። ቪንሰንት ባክ የተባለው የኦስትሪያ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1918 በኒውዮርክ አፍ መሥራት ከጀመረ ወዲህ የእሱ ቁጥሮች እንደ መለኪያ ሆነው ኖረዋል። በእሱ አቆጣጠር 12ሲ የሚባለው በጠርዙ ውስጥ ለውስጥ ሲለካ 24 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ 6½ኤኤል 25.4፤ 5ጂ 25.5፤ 4ጂ 26። ከትንሹ እስከ ትልቁ ያለው አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል፣ ማለት ከአንዲት የጤፍ ፍሬ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ግን ጥርስ ውስጥ የገባች የጤፍ ፍሬ ምን ያህል ድንጋይ እንደምትመስል ታውቃላችሁ፤ ከንፈርም እንደዚያው ነው፣ ትንሹን ነገር ያገዝፈዋል።

በቁጥሩ ደግሞ እንዳትታለሉ። በባክ ቤት ቁጥሩ ሲያንስ አፉ ይሰፋል። በሺልኪና በያማሃ ቤት ግን ተቃራኒው ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ይሰፋል። የያማሃ 48 ከባክ 6½ኤኤል ጋር ይቀራረባል፤ የሺልኪ 51ዲ ብዙ የዩፎኒየም ሰዎች የሚወዱት ጥልቅ ስኒ ያለው ነው። ባለሱቁ «48 ከ6 ይበልጣል» ብሎ ቢከራከራችሁ ዝም ብላችሁ ካሊፐር አምጣ በሉት።

የጭራው ጉዳይ ከዚህም የባሰ ነው፤ ማመልከቻውም የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ልጆቹ 6½ኤኤል ብለው በትክክል ጽፈዋል፤ ግን 6½ኤኤል በቀጭን ጭራም በወፍራም ጭራም ይሠራል፤ 5ጂም እንዲሁ። ባለፈው ሳምንት ሁለቱን መሣሪያዎች ቤቴ አስመጥቼ ሞክሬያቸዋለሁ። ትሮምቦኑ የተማሪ ነው፤ የቱቦው ስፋት 12.7 ሚሊ ሜትር፣ የሚወስደውም ቀጭን ጭራ ነው። ቱቧቸው 13.9 ሚሊ ሜትር የሆኑ ትላልቆቹ ትሮምቦኖች ናቸው ወፍራሙን የሚጠይቁት። ዩፎኒየሙ ግን ወፍራም ጭራ ነው የሚወስደው። እንግዲህ አንዱን ብቻ ብንገዛ፣ ቀጭኑ ዩፎኒየሙ ውስጥ ሲገባ እስከ አንገቱ ሰምጦ ይወዛወዛል፤ ወፍራሙ ትሮምቦኑ ውስጥ ጫፉ ብቻ ገብቶ ይቀራል። በሁለቱም መንገድ ቃናው ይበላሻል፤ ላይኛውና ታችኛው ድምፅ እርስ በርሱ አይስማማም፤ ልጁም ጥፋቱ የራሱ መስሎት በከንፈሩ ለማስተካከል ሲታገል ከንፈሩን ይጎዳል። ወረቀት መጠቅለል የሚያመጣውን ከእኔ ሰምታችኋል። ቀጭኑን የሚያወፍር የናስ ቀለበት መሳይ ማያያዣም ይሸጣል፤ ለአንድ ቀን ችግር ያገለግላል፣ ለዓመት ግን አልመክርም።

ሰፈር ውስጥ አሮጌ የእንግሊዝ ዩፎኒየም ያለው ቢኖር አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩ ብዙዎቹ የቤሶን ዩፎኒየሞች ከሁለቱም የተለየ መካከለኛ ጭራ ነው የሚወስዱት። የለንደን ሲምፎኒ የትሮምቦን መሪ የነበረው ዴኒስ ዊክ ለእነዚህ የሚሆን 4ኤኤም የሚባል አፍ አለው። ለእኛ ግን አያስፈልገንም።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ሁለት 6½ኤኤል ይገዛ ነው፤ አንዱ ባለ ቀጭን ጭራ፣ አንዱ ባለ ወፍራም። ጠርዙም ስኒውም አንድ ነው፤ ልጁ ከትሮምቦን ወደ ዩፎኒየም ሲዞር ከንፈሩ ቤቱን አይለቅም። ዩፎኒየሙ በዚህ አፍ የመጨረሻውን ወፍራም ድምፅ ላይሰጥ ይችላል፤ እውነት ነው። ልጁ ሲጠነክር ለዩፎኒየሙ ወደ 51ዲ፣ ለትሮምቦኑ ቀጭን ጭራ ወዳለው 5ጂ ቢሄድ የሁለቱ ስፋት ስለሚቀራረብ አይቸገርም። ያን ጊዜ ራሱ ሠርቶ ይገዛዋል።

አንዳንድ ባለሙያዎች በዚህ አይስማሙም። ለእያንዳንዱ መሣሪያ የሚስማማውን ፈጽሞ የተለየ አፍ ያዝ፣ ከንፈር ሁለት ቋንቋ እንደሚናገር ሰው ሁለቱንም ይለምዳል ይላሉ። በቀን አራት አምስት ሰዓት ለሚለማመድ ሰው ትክክል ናቸው። የእኛ ልጅ ግን ቀን ሥራ ውሎ ማታ አንድ ሰዓት ቢያገኝ ነው። ለእሱ አይሆንም።

ለግዢ የሚላኩት ሰዎች መሣሪያዎቹን ይዘው ይሂዱ እንጂ በወሬ አይግዙ። አፉን ቀስ ብሎ አስገብቶ ትንሽ ማዞር ነው፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ገብቶ ሳይወዛወዝ መያዝ አለበት። ጠርዙ ላይ በጥፍር ዙሩት፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ይቅር። ብር የተለበጠ ይሁን፤ ልባጩ ያለቀ ነሐስ ከንፈር ያቆስላል። በመዳፍ መትቶ ማስገባት ክልክል ነው፤ ይጣበቃል። ከተጣበቀ በፒንሳ እንዳትነኩት፣ ቱቦው ይጠመዘዛል፤ ማውጫው መሣሪያ እኔ ዘንድ አለ። ከተነፋ በኋላ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይታጠብ። አንዱ የነፋበትን ሳይታጠብ ሌላው አፉ ላይ አያድርግ፤ ይህን በተለይ ለእናቶች አደራ እላለሁ።

ልጁም አዲሱ አፍ እንደ መጣ ለሦስት አራት ሳምንት ረጃጅም ድምፅ ብቻ ይንፋበት፤ ግማሹን ጊዜ በትሮምቦን፣ ግማሹን በዩፎኒየም፣ ሳያርፍ እየቀያየረ። እስከዚያ ለቀብር አይጠራ። ያለ ባንድ የምንሸኘው ወገን ቢኖር ቅር አይበለው፤ ጥሩምባችን አለ።

ሁለቱ መሣሪያዎች ዛሬ ከድንኳኑ ጋር ዕቃ ቤት ናቸው። ከምሳ በኋላ የራሴን ሁለት አፎች ይዤ እዚያ እቀመጣለሁ፤ ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት የፈለገ መጥቶ ይይ። ከኋላ ወንበር የተናገረው ወንድሜም ይምጣና ቀጭኑን ጭራ ዩፎኒየሙ ላይ ሰክቶ አንድ ጊዜ ይንፋልን።