ፎቶግራፉ የማን ነው?

(ወደ ተበላ ከሚደረገው ጉዞ አስቀድሞ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በሚመጣው ሳምንት ማኅበራችን ወደ ተበላ ሲጓዝ ካሜራ ወይም ስልክ ያልያዘ ተማሪ አይገኝም። ስለዚህ ከመነሣታችን በፊት አንድ ጉዳይ እንድንወስን እለምናለሁ። በመንገድና በገበያ የምናነሣው ፎቶግራፍ የማን ነው? የአንሺው ነው ወይስ የተነሺው?

ከሶዶ ተነሥቶ፣ ዳሞታን በስተኋላው ትቶ፣ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደውን መንገድ የያዘ ሰው ዓይኑ ሥራ አይፈታም። በእንሰት የተከበበ ቤት፣ ስኳር ድንች የጫነ ጋሪ፣ ባጃጁን የሚያጥብ ወጣት፣ ቅቤዋን በኮባ ጠቅልላ ወደ ገበያ የምትገሠግሥ እናት፣ ዱንጉዛ ለብሰው ወደ ሠርግ የሚሄዱ ሽማግሌ ይታያሉ። እኛ ግን ይህን ሁሉ ዘወትር ስለምናየው አናነሣውም። ፎቶ የምናነሣው ጊፋታ ሲደርስ፣ ወይም ምረቃ ሲሆን ነው። የዘወትሩ ኑሮ ሳይመዘገብ ያልፋል።

ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎች ነበሩት። በመንገዳቸው ያዩትን ተራራና ሸለቆ አንሥተው ሄዱ። ከ140 ዓመት ገደማ በኋላ የቤልጅጉ ተመራማሪ ያን ኒሰንና ባልደረቦቻቸው በዚያው ስፍራ ቆመው ያንኑ መሬት እንደ ገና አነሡት። ሁለቱ ሥዕሎች ሲተያዩ፣ አገሩ በዚያን ጊዜም ብዙው የተራቆተ እንደ ነበረ፣ በኋላ ግን የዛፉ ሁኔታ እንደ ተሻሻለ ታወቀ። ሥዕሉ ይህን ሊመሰክር የቻለው ስፍራውና ዘመኑ ስለ ታወቀ ነው።

ተበላ ዋና ከተማው በሆነችለት በሁምቦ ወረዳም፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በተጀመረ ሥራ፣ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራማ መሬት ተከልሎ፣ በመሬት ውስጥ የቀረው ጉቶ አቆጥቁጦ ደን ሆኗል። ከመካከላችን አንዱ ያንን ተራራ ከታወቀ ስፍራ አንሥቶ ቀኑን ቢጽፍበት፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ለሚመጣ ተማሪ ማስረጃ ይሆነዋል።

ተራራ ግን አያፍርም፤ ሰው ያፍራል። በገበያ መካከል ሳይጠይቅ አንሥቶ፣ ሥቆ የሚሄድ ተማሪ አይተናል። ሻጪቱ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስትስብ «ኋላ ቀርነት ነው» ይላል። ኋላ ቀርነት አይደለም። ፊቷ ወዴት እንደሚሄድ ስላላወቀች ነው። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከኮረም ሞሐመድ አሚን ያነሣው ፊልም ዓለምን ቀስቅሶ ብዙ እርዳታ አምጥቷል። ይሁን እንጂ ተመልካቹ የብዙዎቹን ስም አላወቀም፤ ኢትዮጵያ ሲባል ስም የሌለው የተራበ ፊት ብቻ የሚታየው ሰው በዓለም ላይ በዛ። እኛም በገዛ ወገናችን ላይ ይህንኑ በትንሹ እንዳንደግም እሰጋለሁ።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፤ «ሳሮ» ብለን ሰላምታ ሰጥተን እንጠይቅ። ሕፃን ከሆነ ወላጁን እንጠይቅ። እምቢ ካሉን አመስግነን እንለፍ። «ከተጠየቀ ይገተራል፣ የተፈጥሮ ሁኔታው ይጠፋል» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ፈቃድ አግኝቶ ጥቂት የታገሠ ግን ሻጪቱ ወደ ሚዛኗ ስትመለስ ያገኛታል። ገበያውን በሙሉ ከሩቅ ስናነሣ ሁሉን መጠየቅ አይቻልም፤ ፊቱን ለይተን የምናነሣውን ሰው ግን መጠየቅ ይቻላል። ሲፈቅዱልንም መልካቸውን አናበላሽ። በቀትር ፀሐይ፣ ሰማዩ ከበስተኋላ ሲያበራ፣ ጥቁር ፊት ጥላ ብቻ ሆኖ ይወጣል። ወደ ዛፍ ጥላ ጋብዘን፣ የስልኩን ብርሃን በፊታቸው ልክ እናስተካክል።

ሁለተኛ፤ ቀኑንና ስፍራውን፣ ሲፈቅዱም ስማቸውን እንጻፍ።

ሦስተኛ፤ ሥዕሉ ታትሞ ለባለቤቱ ይመለስ። በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን አርተር ፊልድስ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ እስከ 1980ዎቹ በአንድ ድልድይ ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ያነሣ ነበር። ሥራው የተረፈው ሰዎቹ ፎቶውን ገዝተው በየቤታቸው ስላኖሩት ነው። ከዓመታት በኋላ የከተማዪቱ ታሪክ ከየቤተ ሰቡ አልበም ተሰበሰበ። በስልካችን የታጨቀው ሥዕል ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ በአንዲት እናት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ግን ለልጅ ልጅ ይቆያል።

ለማሳተሚያ የሚሆነውን ጥቂት ገንዘብ ማኅበሩ ከመዋጮው እንዲመድብ፣ ሥዕሉንም የሚያደርሱ ሁለት ተማሪዎች ዛሬውኑ እንዲመረጡ አሳስባለሁ። የሚቃወም ካለ ይነሣና ይናገር፤ የሚደግፍም እጁን ያውጣ።