የያሆዴ የዘፈንና የባህል ቀን ለምን እንደሚዘጋጅ

(በእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከጸሐፊው የቀረበ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባሎች እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



በዛሬው አጀንዳ ሦስተኛ ሆኖ የተያዘው በያሆዴና በማሳላ ሰሞን ልናዘጋጅ ያሰብነው የዘፈንና የባህል ቀን ነው። ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ተቀምጦ መክሮበታል። በቡና ላይም፣ በገበያም፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅም ብዙ ስለተወራበት አንድ ባንድ ማስረዳት ይሻላል ብለናል።

እንደሚታወቀው ከ1990ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ አንሥቶ ከሆሳዕና፣ ከሾኔ፣ ከዱራሜ፣ ከአንጋጫ፣ ከሺንሺቾ ልጆቻችን ወደ ደቡብ አፍሪካ መጉረፍ ጀመሩ። መጀመሪያ ጥቂት ናቸው የሄዱት። ኋላ ወንድም ወንድሙን፣ ጓደኛ ጓደኛውን እየሳበ ይኸው ዛሬ ደርሰናል። በሰፈራችን ደቡብ አፍሪካ ሰው የሌለውን ቤት ፈልጉ ብትባሉ ትደክማላችሁ። ጆሃንስበርግ ውስጥ ጄፒ የሚሉትን ጎዳና ሄዶ ያላየ ሰው እንኳ ሱቆቹን በቃሉ ያውቃቸዋል። ሎኬሽን በሚሉት የድሆች ሰፈር ሱቅ ከፍተው፣ ብርድ ልብስና መጋረጃ በትከሻቸው ተሸክመው ቤት ለቤት እየዞሩ የላኩት ገንዘብ ስንቱን የሣር ጎጆ ቆርቆሮ አልብሷል፤ ታናናሾችን አስተምሯል፤ ለእድራችን ድንኳን መግዣም ከዚያው መጥቷል። ይኸን መካድ ነውር ነው።

ሌላው ወገኑስ? ግንቦት 2000 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በውጭ አገር ሰዎች ላይ በተነሣው ሁከት ከ60 በላይ ሰው ሞቷል፤ ሱቆች ተዘርፈዋል፣ ተቃጥለዋል። በ2007ም በ2011ም መጨረሻ እንደገና ሆኗል። መንገዱ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ሰኔ 2004 ዓ.ም. ታንዛኒያ ውስጥ በጭነት መኪና ታፍነው ከ40 በላይ ወገኖቻችን ሞቱ። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በተባለው አገር አንድ ኮንቴይነር ሲከፈት 64ቱ ሞተው 14ቱ ብቻ በሕይወት ተገኙ። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ማላዊ ጫካ ውስጥ በአንድ ጉድጓድ የተቀበሩ ከ25 በላይ አስከሬኖች ወጡ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ዛምቢያ፣ ሉሳካ አጠገብ፣ መንገድ ዳር የተጣሉ 27 ሬሳዎች ተገኙ። በነዚህ ወሬዎች መካከል የየትኛው እናት ስልኳን ይዛ እንዳደረች እናንተ ታውቃላችሁ፤ ስም አንጠራም።

እድር ደግሞ የተሠራው ለቀብር ነው። ደንባችን አስከሬን ሲኖር ምን እንደሚደረግ ይናገራል፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ቆፋሪው፣ የሚከፈለው ገንዘብ፣ ሁሉም ተጽፏል። አስከሬን የሌለው ለቅሶ ግን በደንቡ ውስጥ የለም። ልጁ ከሄደ ሁለት ዓመት ይሆነዋል፤ ስልኩ ዝግ ነው፤ አብሮት የነበረው «እኔ ስሻገር እሱ ታሞ ቀርቷል» ይላል። እናት ትልበስ ወይስ ትጠብቅ? ድንኳን ቢጣል «ልጄን በቁሙ ቀበራችሁት» ትላለች፤ ባይጣል ጎረቤት ሳያጽናናት ብቻዋን ታለቅሳለች። በዚህ ነገር ሽማግሎቻችን ብዙ ተቸግረዋል። ስለዚህ ድንኳን ሳይጣል ቡና እየተፈላ ሰው በየተራው እንዲቀመጥላት፣ ለቤቷም እህል እንዲገባ አድርገናል። ወጪው ግን ከቀብር ሣጥን መውጣት የለበትም፤ የሌላውን አባል መብት ይነካል። የተለየ ሣጥን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከዚህም ሌላ የተመለሱ አሉ። አንዳንዱ ሱቁ ተዘርፎ፣ አንዳንዱ ታንዛኒያ ወህኒ ቤት ከርሞ ባዶ እጁን ነው የመጣው። ለጉዞው የተሸጠው መሬት የለም፤ ዕዳው ግን አለ። እንዲህ ያለው ልጅ ቀን ከቤት አይወጣም፤ «ሳይሳካለት መጣ» እንዳይባል ያፍራል። እዚያ ተወልደው አያታቸው ዘንድ የተላኩ ሕፃናትም አሉ፤ ዙሉ ይችላሉ፣ ሀዲይኛም ሆነ ከምባትኛ ገና ይቀራቸዋል። ባሏ ሄዶ ልጅ ይዛ የቀረችም አለች። ሣጥኑ ለነዚህ ነው። ለተመላሽ የፀጉር ቤት ወይም የስፌት ዕቃ መነሻ፣ ለሕፃናቱ የማስጠኛ ወጪ፣ ለጠፋ ልጅ ቤተሰብ አዲስ አበባ ተመላልሶ ማመልከቻ የማስገቢያ ትራንስፖርት።

ታዲያ ለምን በዘፈን? «ሐዘን ባለበት ሰፈር ከበሮ ይመታል ወይ?» ያሉን አሉ፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኛ ያየነው ግን እንዲህ ነው። መዋጮ ስንጠይቅ ያለው ያዋጣል፤ የተቸገረው ተደብቆ ይቀራል። ያሆዴ ሲሆን ግን የሚደበቅ የለም። አታካናው፣ ቡላው፣ ወተቱ፣ ቅቤው በቀረበበት ሁሉም ይመጣል። የከምባታው ማሳላም እንደዚሁ ነው። ውጭ ያሉትም ወገኖቻችን ይኸን አውቀውታል። በሰሜን አሜሪካ ያሉት በ1976 ዓ.ም. በጥቂት የእግር ኳስ ቡድኖች የጀመሩት ዛሬ በየዓመቱ ዘፈኑ፣ ምግቡ፣ ገበያው ሁሉ ያለበት ትልቅ በዓል ሆኗል። ኳሱን የማያይ እንኳ ዘመዱን ፍለጋ ይሄዳል።

የደቡብ አፍሪካ ዘፈን ለምን ይገባል ያሉም ነበሩ። «ልጆቻችንን የገደሉ» ብለው ነው። እኛ ደግሞ ሌላም እናስታውሳለን። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ኮልፌ ወታደርነት ተምሮ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ የዞረ ሰው ነው። ሚሪያም ማኬባ እናቷ ስትሞት ለቀብር አገሯ ልትገባ ብትል ፓስፖርቷ ተሰርዞ ቀርታለች፤ ይህች ሴት ግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት አዲስ አበባ መጥታ ዘፍናለች። ያን ጊዜ ስደተኞቹ እነሱ ነበሩ። እዚያ የተወለዱት ሕፃናት የሚያውቁትን ዘፈን መድረክ ላይ ወጥተው ቢዘፍኑ ማንን ይጎዳል?

የአማኞችን ቅሬታም ሰምተናል። መጠጥ አይሸጥም። ጠዋቱ ለመዘምራን ተይዟል። ከሰዓት በኋላ የሽማግሎችና የወጣቶች የሀዲያና የከምባታ ጨዋታ ይቀጥላል፤ የጉራጌም የስልጤም ጎረቤቶቻችን ይጨምሩበታል። ከፀሐይ መጥለቅ በፊት ያልቃል። የማይጨፍር ቁጭ ብሎ ይብላ እንጂ!

አሁን ከባዱን ነገር እናንሣ። አንድ ሰው «በሬውንም ድምፅ ማጉያውንም እኔ እችላለሁ» ብሎ ልኮብን ነበር። ሥራው ምን እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል። ኮሚቴው አልቀበልም ብሏል። ሰው ማሻገር በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 የሚያስቀጣ ወንጀል መሆኑ አንድ ነገር ነው። ከዚያ በላይ ግን፣ ልጇ በዚያ መንገድ የጠፋባት እናት የዚያን በሬ ሥጋ እንዴት ትቀምሳለች? «ገንዘብ ገንዘብ ነው፣ ለድሃ ከዋለ ምን ችግር አለው» ያላችሁ አባሎች አላችሁ፤ ዘመድም ስለሆነ ከብዷችኋል፤ ይገባናል። ነገር ግን በሬውን የገዛ መድረክ ላይ ይመሰገናል፤ የተመሰገነውን ደግሞ ወጣቱ ሁሉ ያያል። በሚቀጥለው ወር ስንቱ አሥረኛ ክፍል ተማሪ ደጁን እንደሚያንኳኳ መገመት አያቅትም። በዚህ ጉዳይ ኮሚቴው ውሳኔውን አይለውጥም፤ ጉባኤው ካልተስማማ ሌላ ኮሚቴ ይምረጥ።

እንግዲህ በሬው የኛ ዕዳ ሆነ ማለት ነው። አባቶቻችን በቱታ ዓመቱን ሙሉ እያጠራቀሙ በሬ ይገዙ ነበር፤ እናቶች በዊጆ ቅቤ ያጠራቅማሉ። በዚሁ ሥርዓት እንሂድ። ወንዶች እስከ ነሐሴ መጨረሻ ለገንዘብ ያዡ በደረሰኝ ክፈሉ። ሴቶች የቅቤውን ጉዳይ በየመንደራችሁ ባሉት እናቶች በኩል ጨርሱ። ቆጮና ዳጣ ከየቤቱ ይመጣል። ቀኑ ከመስቀል ቀጥሎ ያለው ቅዳሜ ነው። የገባውና የወጣው ሒሳብ በሳምንቱ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። መድረክ ላይ የሚወጡ ልጆች ስም ከጸሐፊው ዘንድ ይመዝገብ፤ ከዚያ የመጡትን ሕፃናት አያቶቻቸው ራሳቸው ይዘው ይምጡ።