ጋዙ የት ሄደ? ስለ ፍሪጃችን፣ ስለ ደረሰኞቻችንና ስለ አንዲት እኅታችን

(በዘንገና በተካሄደው የማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



እኛ የሒሳብ ክፍል ሠራተኞች እዚህ ስንቆም ገቢው ይህን ያህል፣ ወጪው ይህን ያህል ብለን መቀመጥ ልማዳችን ነው። የዘንድሮው ሪፖርት ተባዝቶ በእጃችሁ ገብቷል። ዛሬ ግን ከዚያ ሪፖርት አንዲት መስመር ብቻ አውጥተን እንናገራለን። መስመሯ «የፍሪጅ ጥገና፣ ጋዝ ማስሞያ» ትላለች። ከዚች መስመር ጀርባ የባከነ ገንዘብ አለ፤ ከገንዘቡ የሚብስ ደግሞ ያለ ጥፋቷ የተቀጣች እኅት አለች። ሁለቱንም በግልጽ ልንነግራችሁ ይገባል።

ፍሪጁ የተገዛው ደጋፊዎቻችን በላኩት ገንዘብ መሆኑን ታስታውሳላችሁ። ያኔ ከእናቶች አንዳንዶቹ «የዘንገና ብርድ መች አነሰንና ነው ብርድ በገንዘብ የምንገዛው?» ብለው አስቀውን ነበር። እውነት ነው፣ ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል። ወተት ግን ቀንም ሌሊትም 4 ዲግሪ አካባቢ መቆየት ይፈልጋል። ጠዋት የታለበው ወተት ከእንጅባራ ገዢ እስኪመጣ ወይም ሐይቁን ሊያዩ የመጡ እንግዶች እርጎ እስኪጠይቁን ድረስ ፀሐዩ አይምረውም። ፍሪጁ ከገባ ወዲህ የሚመለስ ወተት ቀንሶልን ነበር።

በጥቅምት ወር ፍሪጁ ማቀዝቀዝ ተወ። ባለሙያ ተጠራ፤ «ጋዙ አልቋል» አለ፤ ሞላ፤ 2,400 ብር ከፈልን። በታኅሣሥ እንደገና ተወ፤ እንደገና ተሞላ፤ 2,600 ብር። በየካቲት፣ ዐቢይ ጾም ገብቶ ወተት በማይሸጥበት፣ እርጎና ቅቤው በተከማቸበት ሰዓት ሦስተኛ ጊዜ ተወ፤ 3,000 ብር። በድምሩ 8,000 ብር። የተበላሸው 46 ሊትር ወተት በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም።

ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ኮሚቴው ምክንያት ፈለገ። «ተረኛዋ በሩን ክፍት እየተወች ነው» ተባለ። ማንም አላየም፤ ግን ተባለ። ከተረኝነት አበሏ በሁለት ወር ውስጥ 600 ብር ተቆረጠ። ቆራጮቹ እኛ ነን። ውሳኔው በቃለ ጉባኤ መጣልን፤ እኛም «ማስረጃው የት አለ?» ሳንል መዝገብ ላይ አሰፈርነው። ለሦስት ብር እስክርቢቶ ደረሰኝ የምንጠይቅ ሰዎች ለእኅታችን ስም ደረሰኝ አልጠየቅንም።

በመጋቢት አራተኛውን ክፍያ ከመፈረማችን በፊት አንድ ጥያቄ አነሣን። ጋዙ አለቀ ከተባለ፣ የት ሄደ? ጠይቀን፣ አንብበን፣ በኋላም ከዳንግላ የመጣ ሌላ ባለሙያ እጅ በእጅ አሳይቶን የተረዳነውን እናካፍላችሁ።

የፍሪጅ ጋዝ እንደ ምድጃ ጋዝ ወይም እንደ መኪና ነዳጅ የሚቃጠል ነገር አይደለም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ሲዞር የሚኖር ተሸካሚ ነው። አረቄ ያወጣችሁ እናቶች ይህን ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። ድፍድፉ ሲፈላ እንፋሎቱ በመቃው አልፎ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የተቀመጠው ዕቃ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ሙቀቱን ለውኃው ትቶ ጠብ ጠብ እያለ ፈሳሽ ይሆናል። ውኃው ስለሚሞቅ ትለውጡታላችሁ። እንፋሎት ሙቀት ይሸከማል፣ ፈሳሽ ሲሆን ሸክሙን ያራግፋል። ፍሪጅም ይኸው ነው። በውስጠኛው ቱቦ ጋዙ ከፈሳሽ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ የወተቱን ሙቀት ይሸከማል፤ ሞተሩ ጨምቆ ወደ ኋላ ይልከዋል፤ ከኋላ ባለው ጥቁር ቱቦ ሙቀቱን አራግፎ ፈሳሽ ይሆናል፤ በቀጭኗ ቱቦ አልፎ ተመልሶ ይገባል። እጃችሁን ከፍሪጅ ጀርባ ብታደርጉ የሚሰማችሁ ሙቀት ከወተቱ የወጣው ነው፤ የሞተሩም ሙቀት ተጨምሮበታል።

«በዚያ ብርድ ምን ይፈላል?» ትሉ ይሆናል። መፍላት በግፊት ይወሰናል። እኛ ባለንበት ከፍታ፣ ከባሕር ወለል ወደ 2,500 ሜትር ላይ፣ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 አካባቢ ይፈላል፤ ባቄላችን ከቆላው ባቄላ ዘግይቶ የሚበስለው ለዚህ ነው። በብዙ ፍሪጆች ያለው አር-134ኤ የተባለው ጋዝ ደግሞ በባሕር ወለል ግፊት ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ሞተሩና ቀጭኗ ቱቦ ሥራቸው ግፊቱን በአንድ በኩል ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ማድረግ ነው።

እንግዲህ ጋዙ የተዘጋ ቤት ውስጥ የሚዞር ከሆነ አያልቅም። ፍሪጅ ከፋብሪካ በወጣበት ጋዝ ዕድሜውን ሙሉ ሊሠራ ይችላል። ካነሰ፣ ያነሰው ስለወጣ ነው፤ ከወጣ ደግሞ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ መሙላት በቀዳዳ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው። እኛ ሦስት ጊዜ ቀድተናል።

ባለሙያው ከዳንግላ ሲመጣ መጀመሪያ ያደረገው ጋዝ መሙላት አልነበረም። በሩ መግጠሙን፣ የኋላው ቱቦ በአቧራ አለመታፈኑን፣ መብራቱ አለመዋዠቁን አየ፤ ማቀዝቀዝ ማቆም ሁልጊዜ የጋዝ ጉዳይ አይደለምና። ከዚያ ፍሪጁን አዙሮ በእጅ ባትሪ መገጣጠሚያዎቹን ተመለከተ። «እዚህ ጋ ቅባት ታይቶ ያውቃል?» ብሎ ጠየቀ። ማናችንም አናውቅም። ከኋላችን የቆመችው ያች የተቀጣችው እኅታችን ናት የመለሰችው። «አዎ፣ በየሳምንቱ ከዚያች ቦታ ቅባት እጠርግ ነበር። ቅቤ መስሎኝ።»

ቅቤ አልነበረም። የሞተሩ ዘይት ከጋዙ ጋር አብሮ ስለሚዞር፣ ጋዝ በሚወጣበት ቀዳዳ ዘይቱም ይንጠባጠባል። ባለሙያው በናይትሮጂን ቱቦውን ነፍቶ የሳሙና አረፋ ሲቀባው፣ ከፊልተሩ አጠገብ ያለው ብየዳ ላይ አረፋው ተነፋ። ምናልባት ፍሪጁ በመኪና ሲመጣ የተሰነጠቀ ይሆናል። «ለምን አልነገርሽንም?» ስንላት «ማን ጠየቀኝ?» አለች። መልስ አልነበረንም።

ቀጥሎ የተደረገውን በቅደም ተከተል ስሙት፤ ወደፊት የምንከፍለው ለዚህ ነውና። የቀረው ጋዝ ወደ ሲሊንደር ተሰበሰበ፣ በሜዳ አልተለቀቀም፤ ይህ ከናይትሮጂኑ በፊት የሆነ ነው። ስንጥቁ ተበየደ። ፊልተሩ ተለወጠ። ከዚያ በቫኪዩም ፓምፕ ቱቦው ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት ተሳበ፤ እርጥበት ከቀረ ቀጭኗ ቱቦ ጫፍ ላይ በረዶ ሠርቶ ይዘጋታል፣ ከዘይቱም ጋር ተዋሕዶ ሞተሩን ይበላል። ፓምፑ ከጠፋ በኋላ ጌጁ ይመለስ እንደሆነ ተጠበቀ። አልተመለሰም። በመጨረሻ ጋዙ በሚዛን ተሞላ፤ በፍሪጁ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው 140 ግራም ነው፣ የገባውም 140 ግራም ነው።

ስለ ሚዛኑ ትንሽ እንቆይ፤ የቀደመው ባለሙያ የተሳሳተው በዚህ ላይ ጭምር ነው። እሱ የነበረው ጌጅ ብቻ ነበር፤ ግፊት እያየ፣ ቱቦውን እየዳሰሰ በግምት ይሞላል። ጌጅ ግን የሚያሳየው በአካባቢው ካለው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ነው። የእኛ አየር ቀላል ነው፤ ስለዚህ ለቆላ የተጻፈ ቁጥር እዚህ ሌላ ትርጉም አለው። መጽሐፉ ቫኪዩሙ 30 ኢንች ገደማ ያሳይ ቢልም፣ በእኛ ከፍታ መርፌዋ ከ22 አታልፍም። 30 እስክታሳይ የሚጠብቅ ሰው ዕድሜውን ይጠብቃል። ግራም ግን ዘንገናም ጅቡቲም ያው ግራም ነው። ደግሞ ሲበዛም ጥሩ አይደለም። ጋዝ ሲያንስ ሞተሩ ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ሲበዛ ፈሳሹ ወደ ሞተሩ ተመልሶ ይሰብረዋል። ለ140 ግራም 20 ግራም ስሕተት ቀላል አይደለም።

በውጭ አገር ያላችሁ ደጋፊዎቻችን ይህን ስታነቡ የራሳችሁን ቤት ታስታውሱ ይሆናል። በብርድ አገር ብዙ ቤት የሚሞቀው በዚሁ መሣሪያ ነው፤ ተገልብጦ የተሠራ ፍሪጅ በሉት። ከውጭው ብርድ አየር ሳይቀር ሙቀት ለቅሞ ወደ ሳሎን ይሸከማል። ጋዙ አር-410ኤ ወይም አር-32 ሊሆን ይችላል፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። በክረምት ብርድ በግፊት ገምቶ መሙላት ስለሚያሳስት በሚዛን ይሞላል፤ በውጭና በውስጥ ክፍሉ መካከል ያለው ቱቦ ከፋብሪካው ልክ ከረዘመ በሜትር ይህን ያህል ግራም ይጨመራል። እናንተም ቤት በየዓመቱ «ጋዝ ልጨምር» የሚል ከመጣ ቀዳዳው የት እንዳለ ጠይቁት።

ሁለት አደጋዎችንም ሳንናገር አንለፍ። አንደኛው እሳት ነው። አዳዲስ ፍሪጆች አር-600ኤ የተባለ ጋዝ አላቸው። ለአየር ንብረት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እንደ ማብሰያ ጋዝ ይቀጣጠላል፣ ከአየር ስለሚከብድም ወለል ላይ ይተኛል። የመጀመሪያው ባለሙያ ሲሞላ እኛ አጠገቡ ከሰል አቀጣጥለን ቡና እናፈላለት ነበር! የእኛ ፍሪጅ ጋዝ የሚቀጣጠል ስላልሆነ ተረፍን። ከእንግዲህ ጥገና ባለበት ክፍል እሳትም ቡናም የለም፤ በርና መስኮት ይከፈታል። ሰሌዳው ላይ ከተጻፈው ሌላ ዓይነት ጋዝም አይገባም።

ሁለተኛው ሰማዩ ነው። የድሮዎቹ ፍሪጆች አር-12 የተባለ ጋዝ ነበራቸው፤ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጋርደንን የኦዞን ሽፋን ስለሚበላ እ.ኤ.አ. በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት እንዲቀር አደረገው። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። አር-134ኤ ኦዞኑን አይነካም፤ ምድርን ግን ያሞቃል፤ በመቶ ዓመት ስሌት አንድ ኪሎው ከ1,430 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እኩል ይቆጠራል። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2016 በኪጋሊ በተደረሰው ማሻሻያ እንዲህ ያሉ ጋዞች ቀስ በቀስ እንዲቀንሱ አገሮች ተስማሙ። እስቲ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ እናስላው፤ 140 ግራም ሲያመልጥ 200 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደ መልቀቅ ነው። እኛ ከአንድ ጊዜ በላይ አምልጦናል።

የመጨረሻው ጥገና ከነፊልተሩና ከነጋዙ 4,700 ብር ፈጀ። ከዚያ ወዲህ አምስት ወር ሆነ፤ ጋዝ አልተጨመረም። በመጀመሪያው ቀን ይህን ብናደርግ 8,000 ብሩ ሣጥን ውስጥ ነበር። መዝገቡን መልሰን ስናየው ሌላም ነገር አገኘን፤ ፍሪጁ ከመቆሙ በፊት በነበረው ወር ሁሉ የመብራት ክፍያው ከፍ ብሎ ነበር። ሞተሩ ያለ ዕረፍት ሲሠራ ቆጣሪው ነግሮናል። ቁጥሩን በእጃችን ጽፈን አላነበብነውም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንድታጸድቁልን እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ለጋዝ የሚቀርብ ደረሰኝ አራት ነገር ካልያዘ አይከፈልም፤ ቀዳዳው የት እንደተገኘ፣ የጋዙ ዓይነት፣ የገባው ግራም፣ እንዲሁም ቫኪዩሙ ምን ያህል ጊዜ ጸንቶ እንደቆየ። ሁለተኛ፣ ማኅበሩ የራሱን ትንሽ የግራም ሚዛን ይግዛ። ሦስተኛ፣ ከአባላት ልጆች ሁለቱ የፍሪጅ ጥገና ሙያ እንዲማሩ የትምህርት ወጪያቸው ይሸፈን። በአካባቢያችን ፍሪጅ እየበዛ ነው፤ ዕውቀቱ በእጃችን ቢሆን ለልጆቹ እንጀራ፣ ለእኛ ዕረፍት ነው።

አራተኛውን ግን ድምፅ አንጠይቅበትም፤ አድርገነዋል። የተቆረጠው 600 ብር ለእኅታችን ተመልሷል፣ መዝገብ ላይም «ያለ ጥፋት የተቆረጠ፣ የተመለሰ» ተብሎ ሰፍሯል። ዛሬ እዚህ መካከላችን ተቀምጣለች። እኅታችን ሆይ፣ የተከሰስሽው በጉባኤ ስለሆነ ይቅርታውም በጉባኤ ይሁን፤ በድለንሻል፣ ይቅር በዪን።

በተረኞች መዝገብ ላይ አንድ አምድ ጨምረናል፤ «የተረኛዋ ቃል» ይላል። ያየችውን፣ የጠረገችውን፣ የሸተታትን ትጽፋለች፤ መጻፍ ለማትችል እኛ እንጽፍላታለን። በአዊኛም በአማርኛም ይሁን፣ እናነበዋለን። የትናንቱ ቃል እንዲህ ይላል፦ «ወተቱ ደኅና ነው። ከኋላ ቅባት የለም።»