ቀጥታ ስርጭትና ከቤት የማይወጡ ሽማግሌዎቻችን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ጥቂት ቃል ልናገር ያሰብሁት፣ በዓልን በቀጥታ ስርጭት ማሳየት ከቤት ለማይወጡ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ምን ይጠቅማል ስለሚለው ጉዳይ ነው።

በአገራችን በዓል ማለት ሰው ከሰው የሚገናኝበት ቀን ነው። በ2012 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበውን ጥምቀትን እንመልከት። ጥር 10 ቀን ታቦት ሲወርድ፣ በማግሥቱም ውሃው ሲባረክ፣ ሕዝቡ የሚወጣው ለማየት ብቻ አይደለም፤ ዓመት ሙሉ ያላገኘውን ወዳጁን አግኝቶ «እንዴት ከረምህ» ለመባባልም ነው።

ጉልበቱ የደከመ ሰው ግን ከዚህ ሁሉ ይቀራል። ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህ ለወጣት ቀላል ቢሆንም፣ ለ80 ዓመት አዛውንት ከባድ ነው። ዛሬ ግን በጎንደር ፋሲል መዋኛ የሚከበረውን በዓል ቴሌቪዥንና ስልክ በዚያው ሰዓት ከመኝታው ድረስ ያመጡለታል። በዋሽንግተን የሚኖሩ እናቶቻችንም፣ እኛ ጧት በ3 ሰዓት የምናየውን እነርሱ ሌሊት በ7 ሰዓት ነቅተው ሊከታተሉት ይችላሉ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በገባ ጊዜም ብዙ ምእመናን የፋሲካን ሥርዓት በቤታቸው ሆነው በቴሌቪዥን ተከታትለዋል።

ነገር ግን ምስል የሰውን ቦታ አይተካም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ በብቸኝነት የሚቸገር መሆኑን ገልጧል። ልጅ ለአባቱ ቴሌቪዥን ከፍቶ ቢወጣ፣ አባት በዓሉን አይቶ ብቻውን ይውላል፤ ምናልባትም የቀድሞ ባልንጀሮቹን አስቦ ይበልጥ ይከፋዋል። ስለዚህ ከእኛ ከተማሪዎች ሦስት ነገር ይፈለጋል።

አንደኛ፣ የሰፈሩን ሽማግሌዎች በአንድ ቤት፣ በአንድ ቴሌቪዥን ፊት እንሰብስብ፤ ቡናም ይፈላ። በክልላችን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር አንረሳውም። ዲሽ ያለው አንድ ቤት ለጎረቤት ሁሉ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ የቀጥታ ስርጭት ትልቁ ጥቅም ሰዓቱ አንድ መሆኑ ነው። በባሕር ዳር ያለው ሽማግሌ ዘጌ ላለው ወዳጁ በዚያው ሰዓት ደውሎ «አየኸው ወይ?» ሊለው ይችላል። በማግሥቱ የሚታይ ቅጂ ይህን አይሰጥም። እንግዲህ መደወል ለሚያቅታቸው እኛ እንደውልላቸው።

ሦስተኛ፣ እንጠይቃቸው። ካህናቱ መቋሚያውን ለምን እንዲህ ያነሣሉ? በእርስዎ ልጅነት በዓሉ እንዴት ይከበር ነበር? የሚጠየቅ ሽማግሌ አስተማሪ ነው፤ የማይጠየቅ ግን በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆኖ ይቀመጣል። የሚያውቀውንም ሳንጠይቀው ቢያልፍ፣ በኋላ ከየትም አናገኘውም።

ይህ ለጥምቀት ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለመስቀልም፣ ለኢድም፣ ለመውሊድም ይሆናል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! መሣሪያውን ሌሎች ሠርተውልናል። ከአጠገባቸው መቀመጥ ግን የእኛ ፈንታ ነው።