“ትራክ 01” የሚባል ዘፋኝ የለም!

(በሆሳዕና ከተማ ለድምፃውያን፣ ለኪቦርድ ተጫዋቾችና ለሙዚቃ ወዳጆች የተደረገ ንግግር)



“ስለ አዲሱ ሙዚቃና ስለ ቴክኖሎጂው ተናገር” ተብዬ ነው የተጠራሁት። መቼም ጋዜጠኛ ሲጠራ የማያውቀውንም አውቃለሁ ማለት ልማዱ ነው። እኔ ግን ኪቦርድ ልነካ ብል ጎረቤት ፖሊስ ይጠራብኛል። ስለዚህ ከሰፊው ርዕስ አንዲት ነገር ብቻ መዝዤ ላውጋችሁ። እሷም የባለሙያው ስም ናት።

ትናንት ከመናኸሪያ ወደ ማደሪያዬ በባጃጅ ስሄድ በሀዲይሳ የተዘፈነ አንድ ልብ የሚነካ ዘፈን ሰማሁ። “የማን ነው?” አልኩት ሾፌሩን። ጎንበስ ብሎ የቴፑን መስኮት አየና “ትራክ 01 ነው” አለኝ። እየቀለደ አልነበረም! ፍላሹ ላይ 200 ያህል ዘፈን አለ፤ አንዱም ስም የለውም። ፍላሹን የጫነለት ልጅ ከሌላ ሰው ሚሞሪ ገልብጦ ነው የሰጠው፤ ያኛውም ከቴሌግራም አውርዶ፤ ቴሌግራም ላይ የለጠፈውም ከሌላ ሰው ወስዶ። እንግዲህ ያ የዘፈነው ልጅ ምናልባት እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል። ከተማው በሙሉ በድምፁ እየተሳፈረ እሱ ግን የባጃጅ ሒሳብ ከፍሎ ይሆናል የመጣው።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። ባገራችን ሙዚቃ በር ጠባቂ ጠፍቶበት አያውቅም። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል በሃያዎቹ ዕድሜ የሚገኝ የሙዚቃ ቤት ባለቤት በ1961 ዓ.ም. የመጣው ይምጣ ብሎ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎች አወጣ። ዛሬ ወርቃማው ዘመን እያልን የምንተርከው ሙዚቃ ብዙው ያ ወጣት ሕግ ተጋፍቶ ያሳተመው ነው።

ከዚያ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊም መጣ፣ ሸክላውም ቀስ በቀስ ቀረና ካሴት ነገሠ። ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋወቃት ያቺ ትንሽ ዕቃ ለኛ አገር የተፈጠረች ትመስላለች። ለማባዛት ፋብሪካ አትፈልግም፤ ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ይበቃታል። በናንተ አገር ደግሞ የካሴትን ውለታ ከሁሉ በላይ የሚያውቁት አማንያን ናቸው። የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በ1969 ዓ.ም. በደርግ ተወርሶ የአብዮቱ ልሳን ሲሆን፣ አብያተ ክርስቲያናትም በየቦታው ሲታሸጉ፣ መዝሙር በካሴት ሆኖ ከኪስ ወደ ኪስ ዞረ። የይርጋለሙ ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ 7 ዓመት ታስሯል፤ ካሴቱን ግን ማንም ሊያስረው አልቻለም። ከናንተ መካከል ኪቦርድ የሚጫወተው አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ጣቱን ያፍታታው በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ላይ እንደሆነ የነገራችሁኝ እናንተው ናችሁ። ቅዳሜ ሠርግ፣ እሑድ አምልኮ። (ይህን ስል አንዳንድ ሽማግሌዎች ፊታቸውን እንደሚያጠቁሩብኝ አውቃለሁ። ይቅርታ አባቶቼ፣ እውነት ስለሆነ ነው።)

ካሴት ታዲያ አንድ ነገር ነበራት፤ ልባስ። ልባሱ ላይ ፎቶ አለ፤ የድምፃዊው ስም፣ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ ተብሎ ተጽፏል። ያቺ ወረቀት ምን ዋጋ እንዳላት የኃይሉ መርጊያን ታሪክ ስሙ።

ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ባንዱ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለዝግጅት አሜሪካ ሄደ፤ ከፊሎቹ ሲመለሱ ኃይሉ እዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ለብቻው አንድ ካሴት ሠራ። አኮርዲዮን ይጫወታል፤ ከሥሩ ድራም ማሽን፣ ሲንተሳይዘርና የኤሌክትሪክ ፒያኖ። አንድ ሰው ከመሣሪያ ጋር ብቻውን! ዛሬ በየከተማችሁ አንድ ልጅ ከአንድ ኮምፒዩተር ጋር ተዘግቶ እንደሚሠራው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተረሳ፤ ኃይሉም ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ኑሮውን ቀጠለ። መኪናው ውስጥ አንድ ኪቦርድ ይዞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። ብዙ ዓመት ቆይቶ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ ያቺን ካሴት አገኘ። ሰማት፤ ወደዳት፤ ስሙን ከልባሱ አነበበና ሰውየውን አፈላልጎ ደወለለት። እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመች። ኃይሉ ከዚያ ወዲህ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ላይ ሲጫወት ኖሯል።

እስቲ አስቡት፤ ያ ፈረንጅ ባሕር ዳር ያገኘው ካሴት ሳይሆን “ትራክ 01” የሚል ፍላሽ ቢሆን ኖሮ ማንን ብሎ ይደውላል?

ወደ ዛሬ ልምጣ። አዲሱ ቴክኖሎጂ መጥፎ ነው የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የሀዲያ ብሔረሰብ ቁጥር ከ1 ሚሊዮን 2 መቶ ሺህ በላይ፣ የከምባታ ደግሞ ከ600 ሺህ በላይ ነበር። ይህን ያህል ሕዝብ እያለ ድሮ በሀዲይሳ ወይም በከምባትሳ ካሴት ላሳትም የሚል ሰው አዲስ አበባ ወርዶ “ማን ይገዛልሃል?” ተብሎ ነበር የሚመለሰው። አሁን እዚሁ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ግድግዳውን በስፖንጅ ለብጦ፣ ኮምፒዩተር ላይ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ ወይም ኩቤዝ ጭኖ ይሠራል። (ፕሮግራሙን ገዝቶ የጫነ ካለ እጁን ያውጣ! … አያችሁ? “ተሰረቅን” ስንል ይህችንም በልባችን እንያዛት።)

ስለ ድምፁም ትንሽ ልበል። በሀዲይሳም ሆነ በከምባትሳ አናባቢን ማስረዘምና ማሳጠር ትርጉም ይለውጣል። ለዚህ ነው በላቲን ሲጻፍ “አ” ሲረዝም ፊደሉ ሁለት ጊዜ የሚደገመው። አሁን አንድ ቋንቋውን የማያውቅ አቀናባሪ ከኪቦርዱ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ምት ከፍቶ “በዚህ ግባ” ይላል። ድምፃዊው ምቱን ለመድረስ ሲል ረጅሙን ያሳጥራል፤ አጭሩን ይጎትታል። እናቱ ቤት ሆና ስትሰማው “ልጄ ምን ማለቱ ነው?” ትላለች። በዚያ ላይ ኦውቶቱን አለ። ይህን ፕሮግራም የፈጠረው አንዲ ሂልደብራንድ የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ ቀድሞ ሥራው ነዳጅ ለመፈለግ ከምድር ሥር የሚመለስ ድምፅ መተንተን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ያንኑ የስሌት ጥበብ ድምፅ ለማቃናት አዋለው። ጥሩ መሣሪያ ነው። ግን መሣሪያው የሚያውቀው የፒያኖን ድምፆች ነው፤ የዱራሜ አሮጊት በለቅሶ ላይ በሁለት ድምፅ መካከል ተንሸራታ የምትይዘውን ቦታ አያውቅም። “ስሕተት ነው” ብሎ ያቃናዋል። ስለዚህ ለአቀናባሪዎቻችሁ የምለምነው ኦውቶቱኑን ጣሉ ብዬ አይደለም፤ ከመጫናችሁ በፊት ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡ።

ገንዘቡስ? እዚህ ላይ ደቡብ አፍሪካን ሳላነሳ ባልፍ እናንተም አትምሩኝም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ከዚህ አገር ወጣት በገፍ ወደዚያ ሄዷል። ዛሬ የሀዲያና የከምባታ ዘፈን ትልቁ አድማጭ ጆሃንስበርግ ጄፒ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ብርድ ልብስ የሚሸጠው ልጅ ነው ብል ብዙ አልሳሳትም። ለክሊፕ ገንዘብ የሚልክ እሱ ነው፤ ለያሆዴ፣ ለመሳላ “አዲስ ነገር ላኩልን” የሚል እሱ ነው። በዚያው መንገድ ያለቁትም አሉ። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ በአንድ ኮንቴይነር 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እንዲህ ያለ ወሬ ሲመጣ እዚህ ለቅሶው በሞባይል ይቀረጽና ወንድም ላለበት ይላካል፤ ወንድም እዚያ ሱቁን ዘግቶ ያዳምጣል። ይህም አዲስ ሙዚቃ ነው፤ ምንም እንኳ ሙዚቃ ብሎ የሚጠራው ባይኖር።

ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። የላኩላችሁ ወንድሞች ገንዘብ ሲልኩ የዩቲዩቡ ቻናል በማን ስም ተከፈተ? የይለፍ ቃሉ በማን እጅ ነው? ባለፈው ያነጋገርኩት አንድ የዱራሜ ድምፃዊ ክሊፑ በብዙ መቶ ሺህ ሰው ታይቶለታል፤ ቻናሉን የከፈተው ሰው ግን ስልክ ቁጥሩን ቀይሯል። ውል አልነበራቸውም። “ዘመድ ነው” አለኝ። ዘመድ መሆኑን ማን ካደ?

ደግሞ የበር ጠባቂው ነገር አላበቃም። ድሮ በሸክላ ነበር፤ አሁን በማብሪያ ማጥፊያ ሆኗል። ከሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘጋ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታገዱ። በነዚያ አምስት ወራት አዲስ ሥራ ያወጣ ድምፃዊ ኪሳራውን ለማን ይጠይቅ? ማንም አልተጠየቀም፤ ማንም አልመለሰም። በየበዓሉ ግን እዚያው መድረክ ላይ ባለሥልጣን ሲገባ የሚለቀቀው የማን ዘፈን ነው? የናንተ! ሆሳዕና በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የአዲሱ ክልል የመንግሥት መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ስብሰባው በዝቷል፤ ድምፅ ማጉያውም በዝቷል። ክፍያ የጠየቀ ግን “ለልማት ነው” ይባላል። የድንኳኑ ባለቤት፣ የውሃው ሻጭ፣ የጄኔሬተሩ አከራይ ለልማት ሲሉ በነፃ ሲያቀርቡ አይቼ አላውቅም።

መብት የለንም እንዳትሉ፣ አለ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂና ተዛማጅ መብቶችን ይጠብቃል፤ አዋጅ ቁጥር 872/2007 ደግሞ አሻሽሎት ባለመብቶች በጋራ ማኅበር ሮያሊቲ እንዲሰበስቡ መንገድ ከፍቷል። ብዙ ሰው የማያውቃት አንዲት ነጥብ አለች። ሥራህ እንዲጠበቅልህ ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። ሥራው የራስህ ወጥ ሥራ ከሆነና ተቀርፆ ወይም ተጽፎ ከተገኘ ከዚያች ቀን ጀምሮ ተጠብቋል፤ የግጥምና የዜማ ባለቤት በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት። ያልተቀረፀ ግን አየር ላይ የቀረ ነው። ሠርግ ላይ ፈጥራችሁ ያዜማችሁትን ሌላው በሞባይሉ ቀርፆ ነገ “የኔ ነው” ቢል ማስረጃው በሱ እጅ ነው። የያሆዴ ዜማ የሁሉም ነው፤ እሱን አዲስ አድርጎ ያቀናበረ ሰው ግን ቅንብሩ የራሱ ነው።

አዲስ አበባ ያሉት ሙዚቀኞች ይህን ሞክረዋል። ኤልያስ መልካና ጓደኞቹ አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ አፕ በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሥራ አስጀመሩ፤ ሰው በሞባይሉ ከባለቤቱ እንዲገዛ ብለው። ኤልያስ አምስት ወር ሳይሞላ መስከረም 23 ቀን 2012 ዓ.ም. አረፈ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን አፕ ላይ የሚሸጠው ስም ያለው ዘፈን ነው። “ትራክ 01”ን ማን ይከፍልበታል?

ዘማሪዎች ደግሞ “ለጌታ የዘመርነውን እንዴት እንሸጣለን?” ትላላችሁ። አትሽጡ፤ ምርጫችሁ ነው። ስም መጻፍ ግን መሸጥ አይደለም። ዳዊትም መዝሙሩ ላይ ስሙ አለ።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ፋይሉን ከስቱዲዮ ከማውጣታችሁ በፊት የፋይሉን ስም ራሳችሁ ጻፉት፤ ድምፃዊ፣ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ኪቦርድ፣ ዓመተ ምሕረት። ዘፈን የምትጭኑ ልጆችም ስሙን አትሰርዙ፤ ምንም አያስከፍላችሁም። የአካባቢ ሬዲዮ ላይ የምትሠሩ ደግሞ ያጫወታችሁትን በቀን መዝግቡ፤ መዝገብ ከሌለ ሮያሊቲው ምኑ ላይ ይሰላል? ከወንድም ጋርም ቢሆን ውል ጻፉ፤ ሁለት ምስክር ይበቃል። አንድ ገጽ የውል ናሙና አስተይቤ 60 ቅጂ ይዤ መጥቻለሁ፤ በር አጠገብ ወንበሩ ላይ ነው። ያልደረሰው ፎቶ ኮፒ ያስነሳ፤ ይህኛውን መቅዳት ይፈቀዳል። አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ መጀመሪያ ግን ስሙን ይንገረን።